መላጥያን ያለ መኪና

ወደ ማልታ ደሴቶች ለዕረፍት የሚሄድ ሰው መኪና መከራየት አለበትን? ይህ ጥያቄ ስለ ጉዞ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚወረወር ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ በገንዘብና በሰዓት ይሰላል፤ የኪራዩ ይህን ያህል፣ የአውቶቡሱ ይህን ያህል፣ የሚተርፈው ጊዜ ይህን ያህል... እኔ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ጀርባ ስደምርና ስቀንስ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ስሌትን አልንቅም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በስሌት ብቻ የሚመለስ አይደለም ባይ ነኝ። መልሴም አጭር ነው፤ እንግዳ ሆኖ የሚሄድና ጤናው የፈቀደለት ሰው መኪናውን ይተወው። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን ጥቂት መዞር ይኖርብኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ይህቺን ደሴት ያውቃታል። ምዕራፍ 28 ላይ መላጥያ የምትባለው እርሷ ናት። ከእንግዶቿ ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው ጳውሎስ መኪና ቀርቶ መርከብም አልተረፈለትም፤ መርከቡ ተሰባብሮ ባልንጀሮቹ ገሚሱ በዋና፣ ገሚሱም በሳንቃ ላይ ተንጠላጥሎ ነው ወደ ምድር የወጡት። የደሴቲቱም ሰዎች ዝናብና ብርድ ነበርና እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ይህን እሳት አንባቢዬ በልቡ ያቆይልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ሦስት ናቸው። ማልታ 246፣ ጎዞ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰፉ በሁለቱ መካከል የተወሸቀችው ኮሚኖ ሦስት ገደማ ናት። ትልቂቱ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብትረዝም ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ እንኳ የማያደርስ መንገድ! በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በደሴቶቹ ላይ 519,562 ሰው ተቆጥሯል። የተመዘገበው ተሽከርካሪ ደግሞ ከ400,000 በላይ ነው። ሕፃናቱን ብንቀንስ ለአንድ አዋቂ አንድ ተሽከርካሪ ሊደርሰው ምንም አልቀረው። እንግዲህ በዚህ ላይ እንግዳ የሚከራየውን መኪና መጨመር በሞላ ጋን ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው።

መንገድ ለዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዲንግሊ ከምትባለው መንደር አጠገብ፣ በአለቱ ገላ ላይ የተቦረቦሩ ጥንድ ጥንድ መስመሮች አሉ፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ይቋረጣሉ፣ ደግሞ ይገናኛሉ። ማን እንደቦረቦራቸው፣ መቼና በምን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግሊዞች መስመሮቹ የበዙበትን ስፍራ በለንደኑ የባቡር መገናኛ ስም ክላፓም ጃንክሽን ብለውታል። ቀልድ መሆኑ ነው። ጥንት አንድ ሰው ሸክሙን እየጎተተ በዚያ አልፏል፤ ከእርሱ የቀረን ነገር ቢኖር የመንገዱ ጠባሳ ብቻ ነው።

ባቡርም ነበራቸው፤ እውነተኛ ባቡር። በ1883 ከመዲናይቱ ቫሌታ ወደ ጥንታዊቷ ምዲና ተዘርግቶ፣ አውቶቡስ ገበያውን ቢነጥቀው በ1931 ተዘጋ። ከዚያም የአውቶቡሱ ዘመን መጣ። እስከ 2011 ድረስ ብዙው ሾፌር የገዛ አውቶቡሱ ጌታ ነበር፤ እንደ ሙሽራ ያስጌጠዋል፣ የቅዱሳኑን ሥዕል ከመሪው በላይ ይሰቅላል። በእኛ ሚኒባሶች መስተዋት ላይ የሚለጠፈውን ጥቅስና ሥዕል የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በሐምሌ 2011 እነዚያ ቢጫ አውቶቡሶች በአንድ ጀምበር ተሰናብተው አሠራሩ ለኩባንያ ተሰጠ። ዘመናዊነቱ መልካም ነበር፤ ሆኖም ከውጭ የመጡት ተጣጣፊ ረጃጅም አውቶቡሶች ለጠባቡ መንገድ አልሆኑም፤ ጥቂቶቹም በእሳት ጋዩና በ2013 ከመንገድ ተነሡ። ልኩን ያላወቀ ልብስ!

እኔን ከመኪና ጋር ያቆራረጠኝ ግን የመንገዱ ጥበት አይደለም። ቋንቋው ነው።

በማልታ አውቶቡስ ውስጥ የሚቀጥለው ፌርማታ ስም በድምፅ ይነገራል። ተሳፋሪው እንደ ልቡ ያንቀላፋል፤ ድምፁ ግን ስሞቹን አንድ በአንድ ይጠራል። ግዕዝ ሲቀደስ እየሰማ ላደገ ጆሮ ያ ጥሪ እንግዳ ሆኖ አይዘልቅም። ማልትኛ በሲሲሊ ይነገር ከነበረው ዐረብኛ የተወለደ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ከጣልያን ወገን የተዋሰው ቃል እጅግ ቢበዛም፣ በላቲን ፊደል ቢጻፍም፣ አጥንቱ ሴማዊ ነው። ከ2004 ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል። የእኛ የሩቅ የአጎት ልጅ በብራስልስ አዳራሽ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሳን ፓውል ኢል ባሐር ይላል ድምፁ፤ የባሕሩ ቅዱስ ጳውሎስ። ባሕር ያው ባሕር ነው። አይን ቱፊሐ ይላል፤ የቱፋሕ ዓይን፣ የቱፋሕ ምንጭ ማለት ነው። ምንጭን ዓይን ብሎ መጥራት የሴም ልጆች ሁሉ የጋራ ቅኔ ይመስለኛል። ዘይቱን የምትባል ከተማ አለች፤ ለእነርሱ ወይራ፣ ለእኛ ዛሬ ሌላ ፍሬ፣ ለአባቶቻችን ግን ደብረ ዘይት። ኮሚኖን እነርሱ ከሙና ይሏታል፤ በቅመም መደርደሪያችን ላይ ያለው ከሙን ራሱ ነው። በጎዞ ደቡባዊ ጠረፍ ደግሞ ራስ ኢል ሖብዝ የሚባል ቦታ አለ። ራስ ያው ራስ ነው፤ ሖብዝ ዳቦ ነው፤ እኛ ኅብስት የምንለው። ርእሰ ኅብስት! ይህን ስም ያወጣው ባለቅኔ ስሙ አልተጻፈም።

ቁጥሩንማ ተዉት። ትሊየታ፣ ኤርባ፣ ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሴባ... ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኀምስቱ፣ ስድስቱ፣ ሰብዓቱ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ጣቶቹን ሲቆጥሩለት ሰምቼ፣ ሰባት ላይ ሲደርሱ ሳላስበው ዘወር አልኩ። እርሳቸውም የተቸገርኩ መስሏቸው የት መውረድ እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፊደል ወዳዶች ይወዱታልና። ማልትኞች ዓይን የሚለውን ቃል ሲጽፉ ለዐይኗ ድምፅ የራሷን ምልክት ይጽፋሉ፤ ሲያነቡ ግን ድምፁ ጠፍቷል፤ አናባቢዋን ጥቂት ያስረዝሙ እንደሆነ ነው እንጂ ከጉሮሮ የሚወጣ ነገር የለም። እኛስ? ዐ እና አ ብለን ሁለት ፊደል እንጽፋለን፣ አንድ ድምፅ እናሰማለን። ሁለት ሕዝብ፣ ሳይተዋወቅ፣ የሞተን ድምፅ በጽሕፈት እየቀበረ ሳይሆን እያኖረ ዘለቀ። በአንጻሩ ሐን እነርሱ እንደ አያቶቻቸው ከጉሮሮ ያወጡታል፤ እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉን አንድ አድርገነዋል።

አውቶቡሱ የሚያልፍባት ሐዝ ዘቡጅ ደግሞ ብሔራዊ ባለቅኔያቸው ዱን ካርም ፕሳይላ በ1871 የተወለደባት ናት። ይህ ካህን እስከ 1912 ድረስ በጣልያንኛ ሲቀኝ ቆይቶ፣ ከአርባ ዓመቱ በኋላ የእናቱን ቋንቋ ለግጥም አነሣው። ብሔራዊ መዝሙራቸውን የጻፈውም እርሱ ነው። በሰላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነን ገና አልጀመርንም ብለን ለምንቆዝም ጀማሪ ገጣሚዎች መጽናኛ ይሁነን!

እንግዲህ ይህን ሁሉ በኪራይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማን ይሰማዋል? መኪናው ውስጥ የምትናገረው ካርታ አንባቢዋ ሴት ናት፤ እርሷም የመንደሩን ስም በእንግሊዝኛ አፍ ሰባብራ ነው የምትጠራው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ማቀዝቀዣው ይነፍሳል፣ ሙዚቃው ከቤት የመጣ ነው። እንዲህ ስል በማስታወሻዬ የጻፍኩት ይህን ነበር፤

ቸኩሎ ደረሰ ሰውየው በመኪና፣
ደሴቷ ግን ቀረች እመንገድ ላይ ናትና፤
ይጠብቃት እንግዲህ ከሆቴሉ ደጃፍ፣
በግሯ እስክትመጣ ከባሕሩ ዳር አፋፍ።

ግጥሙን ለእህቴ ባነብላት ሳቀች። የሳቋን ምክንያት መንገሬ ግድ ነው፤ ያለዚያ ይህ ጽሑፍ የቱሪስት መወድስ ሆኖ ይቀራል።

ታላቅ እህቴ በማልታ ትኖራለች። በ2012 በሊቢያ በኩል በጀልባ ተሻግራ ነው የገባችው። ጳውሎስ በሳንቃ፣ እርሷ በጎማ ጀልባ። እሳት አንድዶ የተቀበላት ሰው አለ፣ በሩን የዘጋባትም አለ፤ ስለ ሁለቱም ስታወራ ድምፅዋ እኩል ነው። ዛሬ ሐምሩን በምትባለው ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በደሴቲቱ ሰሜን በሚገኝ ሆቴል የእንግዳ ክፍሎች ታጸዳለች። በሴፕቴምበር 2024 የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ያረፍኩት እርሷ ዘንድ ነበር።

በየማለዳው፣ በእኛ አቆጣጠር ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ፌርማታው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው አውቶቡስ ከቫሌታ ተነሥቶ በሐምሩን፣ በሞስታ፣ በሳን ፓውል ኢል ባሐርና በሜሊሐ አድርጎ ቺርኬዋ የሚደርስ፣ ማለትም ወደ ጎዞ የሚሻገሩ እንግዶች ሁሉ የሚሳፈሩበት ነው። ሞልቶ ይመጣል፤ ሾፌሩም እጁን አንሥቶ በምልክት ይቅርታ ጠይቆ ሳይቆም ያልፋል። ሁለተኛው ይመጣል፤ ያም ሞልቷል። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ለደሴቶቹ ነዋሪ በስሙ ካርድ ላወጣ ሁሉ አውቶቡስ ነጻ ነው፤ እኔ እንግዳው ሁለት ሰዓት ለሚያገለግል ትኬት 2.50 ዩሮ ስከፍል እርሷ ካርዷን አስነክታ ትገባለች። ትገባለች ማለቴ፣ የቆመላት ቀን ነው። በዘገየች ቁጥር ከደመወዟ ይቆረጣል።

«እታበባ፣ አውቶቡሱ እኮ ደስ ይላል» አልኳት በሦስተኛው ቀን፣ የስሞቹን ነገር ከነገርኳት በኋላ።

«ለሁለት ሳምንት ነዋ የምትሄድበት፣ ወንድምዓለም!» አለችኝ። ቀጥላም፣ ሲሞላ የእንግዳው ሻንጣ የአንድ ሰው ቦታ እንደሚይዝ፣ ሳይሞላም ሲቀር ከፊት የቆመች አንዲት የኪራይ መኪና መታጠፊያ ጠፍቷት አውቶቡሱን አሥር ደቂቃ እንደምታስቆም ነገረችኝ። በመኪናዋ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ምናልባት ማምሻውን እርሷ ያነጠፈችው አልጋ ላይ የሚተኙት ናቸው።

ይህቺ ዐረፍተ ነገር ናት ጽሑፉን ያስጻፈችኝ። እንግዳው መኪና መከራየቱን የግሉ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ የከፈለበት ነውና። ነገር ግን በ27 ኪሎ ሜትር ደሴት ላይ የግል የሚባል መንገድ የለም። የባንክ ሠራተኛ ስሌት ይፈቀድልኝ፤ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ያሉ ስልሳ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው መኪና ቢከራዩ ሰላሳ መኪና ይሆናል። አራት አራት ሜትር ብንሰጣቸው፣ ፓራውልት ለፓራውልት ተጠጋግተው ቢቆሙ እንኳ፣ 120 ሜትር መንገድ ይሞላሉ። አውቶቡሱ ግን አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። የቀረውን 108 ሜትር የሚከፍለው ማን ነው? ከኪራዩ ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ከእህቴ ደመወዝ ላይ ይታያል።

«ታዲያ አንተም አውቶቡስ ውስጥ ገብተህ ቦታዋን ወሰድክባት» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ስለዚህ እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ እንግዳ አውቶቡስ ይሳፈር፣ ነገር ግን በማለዳው ሰዓት አይሳፈር። በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት በፊት መንገዱን ለሠራተኛ ይተውለት፤ እርሱ ቡናውን ይጠጣ፣ የባሕሩን ዳር በእግሩ ይቃኝ። ሻንጣ ይዞ ከአየር ማረፊያ የመጣ ቀን ታክሲ ይያዝ። ለዕረፍት የመጣ ሰው ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ሀብት ጊዜ ነው፤ ያንን ሀብቱን ትንሽ ቢመነዝር ምን ይጎዳዋል?

ደግሞም ያለ መኪና መኖር ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። አፕሪል 6 ቀን 2019 ሌሊት በደቡብ ማልታ በሐል ፋር መንገድ በእግሩ ወደ ማደሪያው ሲመለስ የነበረ የአይቮሪኮስት ተወላጅ ስደተኛ ከሚያልፍ መኪና በተተኮሰ ጥይት ተገድሏል፤ በዚያው ሌሊት ሌሎች ሁለት ስደተኞችም ቆስለዋል። እህቴ ከዚያ ወዲህ ከመሸ በእግሯ አትሄድም። እኔ «መራመድ ዓይን ይከፍታል» ብዬ የምቀኝለት መንገድ ለእርሷ በመኪና መብራት ፊት ጀርባን ሰጥቶ መሄድ ነው። ይህን ሰምቼ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመች መሆኗን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ የምለው አልነበረኝም። ትግዛ! መኪናውን ተው የምለው እንግዳውን ነው፤ የሚሠራውን፣ የሚፈራውን፣ ሌሊት ከሥራ የሚወጣውን አይደለም። እንግዳው ሲተወው ለእርሷም ለመግዛት የሚያበቃት ምክንያት ይቀንስ ነበር።

ለቫሌታ ከተማማ መኪና ጨርሶ አያስፈልግም። በ1566 የተመሠረተችው ይህች ከተማ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡሶቹ ሁሉ ከቅጥሩ በር ውጭ ያራግፋሉ፤ የቀረው በእግር ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት ለሚፈትነው ሰው በ2012 የተተከለ አሳንሰር ከላይኛው መናፈሻ ወደ ወደቡ ያወርዳል። ከዚያ በትንሽ ጀልባ ማዶ ወደ ቢርጉ መሻገር ነው። በቃ።

ጎዞ ግን ቆም ያሰኛል። ከቺርኬዋ በመርከብ 25 ደቂቃ ናት። መርከቡ ሰውንም መኪናንም ይጭናል፤ የሚገርመው ወደ ጎዞ ስትሻገሩ ማንም ትኬት አይጠይቃችሁም፤ የምትከፍሉት ስትመለሱ ብቻ ነው። እንደ ባንክ ሠራተኛ አመንኩበት፤ ተበዳሪው የትም አያመልጥም። እንደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ደግሞ ሆሜር ትዝ አለኝ። በአገሬው ትውፊት ካሊፕሶ ኦዲሴየስን ሰባት ዓመት ያቆየችባት ደሴት ጎዞ ናት፤ ከራምላ የባሕር ዳርቻ በላይ ዋሻዋን ያሳያሉ። መግባቱ በነጻ፣ መውጣቱ በዋጋ!

የጎዞ አውቶቡሶች ሁሉ የሚነሡት ከመካከለኛዋ ከተማ ነው። ከተማዋን እንግሊዞች በ1887 ለንግሥታቸው ኢዮቤልዩ ብለው ቪክቶሪያ አሏት፤ አገሬው ግን ዛሬም ራባት ነው የሚላት። ከዚያ ወደየመንደሩ የሚሄደው መስመር ብዙው በሰዓት አንዴ ገደማ ነው የሚመጣው፤ ያመለጠው ሰው ይጠብቃል ወይም ይራመዳል። ደሴቲቱ በረዥሙ 14፣ በሰፊው 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። እኔ አንድ ቀን አምልጦኝ ከናዱር እስከ ወደቡ ድረስ ወረድኩ። ናዱር ማለት የመመልከቻ ስፍራ ነው፤ የግዕዙ «ነጸረ» ዘመድ። የስሙን ትርጉም በእግር ሲወርዱ ያዩታል፤ ባሕሩ ከፊት፣ ኮሚኖ ከመካከል፣ ማልታ ከማዶ። እርግጥ ነው፣ ጋዙን ተሸክሞ የሚጠልቅ ዋናተኛ፣ እግሩ የታመመ ሰው፣ ሕፃን ያዘለች እናት ለአንድ ቀን መኪና ቢይዙ ማን ይወቅሳቸዋል? በጎዞ ላይ ፍርዴ ከማልታው ይለዝባል።

ነገር ግን ጎዞን የሚያሰጋት የአንድ ቀን መኪና አይደለም። ሁለቱን ደሴቶች ከባሕሩ በታች በዋሻ መንገድ ለማገናኘት ለብዙ ዓመታት ሲመከር ቆይቶ በ2019 የማልታ ፓርላማ ሐሳቡን ደግፎታል። በጎዞ በኩል መውጫው በናዱር አካባቢ እንዲሆን ነበር የታቀደው። እስከ ዛሬ አልተቆፈረም። ደጋፊዎቹ ያላቸው ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ በየቀኑ ለሥራ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ወደ ማልታ የሚሻገረው ጎዞአዊ በማዕበል ቀን መርከብ ሲቆምበት ምን እንደሚሰማው እኔ ልነግረው አልችልም። ሆኖም ዋሻው ለታማሚው ተብሎ ቢቆፈር የሚሞላው በእንግዳው መኪና ነው። ከ2021 ጀምሮ ከቫሌታ ጎዞ ድረስ እግረኛን በ45 ደቂቃ ገደማ የሚያደርስ ፈጣን ጀልባ አለ። መኪና አይጭንም። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን በዚያ ጀልባ፣ በሌሊት አውቶቡስና በሆስፒታል አልጋ ላይ አውለው ነበር። ጠያቂ የለኝም እንጂ!

እህቴ በዚህም አትስማማም። «ዋሻ ቢኖር እሑድ እሑድ ሄጄ እመለስ ነበር» ትላለች። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቷን ጀምራለች፤ በግራ በኩል መንዳቱ ከአእምሮዋ ጋር እንዳጣላት በስልክ ነገረችኝ። በሚመጣው ፈቃዴ ተመልሼ ስሄድ መኪናው ኖረም አልኖረ እኔ በአውቶቡስ እንደምሄድ አስታወቅኋት።

«ግድ የለም» አለችኝ፤ «ሐምሩን ፌርማታ ላይ ቆመህ ካየሁህ ክላክስ ነፍቼልህ አልፋለሁ»።